ትመጣ ይሆናል

«ማነው እሱን በር ላይ ያቆመው?»

ጸጉር ሠሪዋ የሻይ ትሪውን በእጇ እንደያዘች መስኮቱ ጋ ቀጥ አለች። ወንድሟ ከግቢው በር ውጭ ፀሐዩ አናቱን እየጠበሰው፣ የእናታቸውን ጃንጥላ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ዋናው መንገድ ያያል። ጠዋትም እዚያው ነበር። ያኔ ሰው ሲበዛበት አየር ሊወስድ የወጣ መስሏት ነው ዝም ያለችው። እሷም እንግዳ ስትቀበል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» ስትል፣ የሄደውን ስትሸኝ የመጣውን ስታስቀምጥ ቀኑ ተጋምሷል።

ሳሎኑ ውስጥ ከየጎረቤቱ በተለቀሙ ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እሱ እኮ አለቃ ነው፤ ማን ያቆመዋል?» አለ አንድ ጎረቤት፣ ነገሩን ሊያቀልለው ብሎ።

አለቃ የሰፈሩ ሰው ያወጣለት ስም ነው። ዕድሜው ሠላሳን አልፏል፤ ትከሻው በር ይሞላል። አእምሮው ግን ከቁመቱ ጋር እኩል አላደገም። በግቢው በር የሚያልፈውን ሁሉ «የት ነው? መቼ ትመለሳለህ?» ሳይል አያሳልፍም። ለሚኒስትርም ቢሆን አይመለስም። አለቃ የተባለውም በዚሁ ነው።

ትሪውን ላገኘችው ሰው አቀብላ ወጣች።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«እማዬን እጠብቃለሁ።»

«ማን ጠብቅ አለህ?»

«ትመጣ ይሆናል ተባለ።»

ዞር ስትል የአጎቷ ሚስት ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ከኋላዋ ደርሳለች።

«ምን ልበለው ታዲያ?» አለች ሴትየዋ፣ ገና ሳትጠየቅ። «እማዬ የት አለች፣ እማዬ የት አለች ሲለኝ አንጀቴን በላው። ትመጣ ይሆናል አልኩት። ክፉ ተናገርኩ?»

ክፉስ አልተናገረችም። ለሌላ ሰው ቢሆን ደግ ቃል ነበር። ግን እዚያ ቤት ለአለቃ የማይባል ነገር ቢኖር እሱ ነው። «ይሆናል»፣ «ምናልባት»፣ «እስቲ እናያለን»፤ እነዚህን እናታቸው ከቤት ያባረረቻቸው ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ነው። አባትየው አንድ ጠዋት «ስመለስ ኳስ እንጫወት ይሆናል» ብሎት ወጣና በዚያው አመሸ። ዝናብ መጣ። ልጁ ኳሱን እንዳቀፈ በር ላይ ቆሞ ተገኘ፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ግባ ቢሉት ወይ ፍንክች! አለቃ «አዎ»ን ያውቃል። «አይ»ንም ያውቃል፤ አይ ሲባል ያለቅሳል፣ በሩን ይደበድባል፣ ከዚያ ይበላና ይተኛል። በመሃል ያለውን ግን አያውቅም። በመሃል ያለው ነገር ለእሱ በር ላይ መቆም ብቻ ነው።

ጸጉር ሠሪዋ ፊቱን በሁለት መዳፏ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው።

«አለቃ፣ እየኝ። እማዬ ሞታለች። አትመጣም።»

«ነገስ?»

«ነገም አትመጣም።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞም። መቼም አትመጣም።»

«ኧረ በፈጠረሽ!» አለች የአጎቷ ሚስት ከኋላ። «እንዲህ ይባላል እንዴ?»

አለቃ እህቱን አያት። ከዚያ አለቀሰ። እሱ ሲያለቅስ አፍሮ አፉን የሚሸፍን ሰው አይደለም፤ መንገደኛ ቆሞ እስኪያይ ድረስ በሙሉ ድምፁ ነው። እሷም አቅፋው ያልወጣላትን አወጣችው። በቀብሩ ዕለት ሰው እያየ «ቻይው፣ ቻይው» ሲሏት እንባዋ ደርቆባት ነበር። አሁን ግን አልቻለችውም፤ ቻይው ብሎ ያስገደዳትም የለም።

ሲበርድለት አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«ማዕከልስ? ሰኞ ማዕከል አለ?»

«አለ።»

«አዎ?»

«አዎ።»

ጃንጥላውን አስረከባትና ዳቦ ሊጠይቅ ገባ።

ማዕከል የሚለው ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ያለውን አሮጌ መጋዘን ነው። እንደ እሱ ያሉ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ጠርገውና ቀለም ቀብተው ከከፈቱት ቆይቷል። ቀን ቀን እዚያ ይውላሉ። አለቃ ከአንድ ሆቴል የሚመጣ አንሶላ ያጥፋል። ጠርዝና ጠርዙ ካልገጠመ ይፈታውና እንደገና ይጀምራል፤ ቸኩል ቢሉት አይሰማም። የተንከባካቢዎቹን ደመወዝ መንግሥት ይሸፍናል፤ ማለትም ሲፈልግ ይሸፍናል፣ ሳይፈልግ ሲቀር ወላጆቹ ተሰልፈው ይለምናሉ።

አጎት ሳሎኑ ጥግ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ድምፁ እንደ ሱቁ ሰፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሬሳውን ከፊት የተሸከመው እሱ ነው።

«ሰኞ ሰኞ ትይዋለሽ» አላት፣ አጠገቡ ስትቀመጥ። «እስከ መቼ? አሁን እኅቴ የለችም። አንቺም ጸጉር ቤትሽን ይዘሻል። እኔ ጋ ከሱቁ ጀርባ ክፍል አለ። አልጋ አለው፣ መጸዳጃ አለው። መጥቶ ይቀመጥ።»

«ምን እየሠራ?»

«እንዴት ምን እየሠራ? ይቀመጣላ!»

ዐይኗ ግድግዳው ሥር ባለው ስልክ ላይ አረፈ።

እናቷ ስልክ ቤት ነበረች የምትሠራው። በወጣትነቷ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ፣ መስመር እየነቀለች መስመር ስትሰካ የኖረች ኦፕሬተር ናት። የሰውን ፊት ትረሳለች፤ ድምፅ ከሰማች ግን አለቀ። ጡረታ ከወጣችም በኋላ ስልክ ካልያዘች እጇ ሥራ የፈታ ይመስላት ነበር። ሰፈሩ «እትዬ ሃሎ» ይላታል፤ እሷም ትስቃለች።

አለቃን ትምህርት ቤት ልታስገባው በወሰደችው ጊዜ ርእሰ መምህሩ «ይህ ልጅ አይችልም» አላት። «ይችላል» አለች። ስም መጻፍ አይችልም፤ ይችላል። ሸሚዝ መቆለፍ አይችልም፤ ይችላል። ያን አንድ ቃል ይዛ በየቢሮው ዞረች። ቁልፉንም ሲቆልፍ ምሳ እስኪደርስ ይፈጅበት ነበር እንጂ ቆለፈ።

ታዲያ የኋላ ኋላ ዕድሜ ልኳን የሙጥኝ ያለችው ቃል ሕጉ ውስጥ ገብቶ ጠበቃት። መንግሥት ለቀን ማዕከላት «በጀት ሊመድብ ይችላል» ይላል።

«መቻሉን መቼ አጣነው?» ትል ነበር እራት ላይ፣ ማንኪያዋን እያወዛወዘች። «መቻሉንማ ይችላል! ይመድባል ወይ ነው እኮ የምንለው። ልጄን ይችላል ስላቸው አይችልም ይሉኛል፤ እነሱ ማድረግ ያለባቸውን ደግሞ ይችላል ብለው ይቀመጣሉ። ቃሉን ተዟዙረንበታል!»

ያን አንቀጽ «ይመድባል» በሚል ልታስለውጥ ስንት ጠዋት ደወለች? ማን ይቆጥረዋል። በመጨረሻ ረቂቁ «ይመድባል» ብሎ ሲወጣ ለሰፈሩ ከረሜላ አደለች። ረቂቅ መሆኑን ማንም አላስታወሳትም።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሳሳ ሲል ቀጭን መነጽር ያደረገች ሴት ገባች። ጥቁር ለብሳለች። ማንንም አታውቅም፤ የሚያውቃትም የለም። ከጸጉር ሠሪዋ አጠገብ ተቀመጠችና የቀረበላትን ቡና ሳትቀምሰው ያዘችው።

«እናትሽን አይቻቸው አላውቅም» አለች በሹክሹክታ። «ድምፃቸውን ነው የማውቀው። ምክር ቤት የቋሚ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ይደውሉልኛል። ‹ደህና አደርሽ የኔ ልጅ፤ አንቀጹስ እንዴት አደረ?› ይሉኛል።»

ጸጉር ሠሪዋ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ልክ እሷ ናት።

«ስልኩ ከጮኸ ሲሰነብት ጨነቀኝና ዛሬ ገና በማለዳ እኔው ደወልኩ። ወንድምሽ ነው ያነሳው። ‹እማዬ ሞታለች። ትመጣ ይሆናል› አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ብቻ ቢሮዬ ተቀምጬ አለቀስኩ።» ወደ አጎት ሰረቅ አድርጋ አየችና ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። «አሁን የመጣሁት ለልቅሶ ብቻ አይደለም። አንቀጹ ተቀይሯል። የበጀት ሰዎች ወደ ድሮው መልሰውታል፤ ‹ሊመድብ ይችላል› ሆኗል። የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው ደግሞ ነገ ጠዋት ነው። ማስታወቂያው ዛሬ ነው የተለጠፈው፤ ማን ያየዋል? ተናጋሪ ከሌለ እንዳለ ያልፋል።»

«ካለፈስ?»

«የዘንድሮው በጀት በዚህ ሳምንት ያልቃል። ለመጪው የተያዘለት ነገር የለም። ማዕከሉ ሰኞ አይከፈትም።»

ሰኞ! ጸጉር ሠሪዋ ወደ ጓዳ በር ተመለከተች። አለቃ ዳቦውን እየቆረሰ ለአጎቱ ሚስት «ሰኞ ማዕከል አለ» እያለ ያስረዳታል። አዎ ብላዋለች። እናቷ አንድም ቀን ዋሽታው አታውቅም፤ እሷ ገና አፈሩ ሳይደርቅ ልትዋሸው ነው።

«በስንት ሰዓት ነው?» አለች።

አጎት ነገሩን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ።

«አብደሻል? ሐዘንተኛ ነሽ እኮ! ሰው ሊያጽናናሽ ሲመጣ አንቺ ምክር ቤት ለምክር ቤት ልትዞሪ? ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል።»

«እኅቴ ዕድሜዋን ጨረሰችበት! ምን አገኘች? እዚያው ስልኩ ላይ ተደፍታ ደከመች። አሁን ደግሞ አንቺ ልትቀጥዪ? አንቀጽ ማባረር በዘር ይወረሳል እንዴ?»

«አጎቴ፣ እናቴ በኔ ቦታ ብትሆን የምትቀር ይመስልሃል?»

አጎት ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። እኅቱን ያውቃታል።

«ይዘሽው አትሄጂማ» አለ በመጨረሻ፣ አለቃን በአገጩ እያሳየ። «ሰው ፊት ያዋርድሻል።»

«ስለ እሱ ነው የሚወራው። ይዤው ነው የምሄደው።»

ከዚያ የእናቷን ስልክ ይዛ ተቀመጠችና የማዕከሉን ወላጆች አንድ በአንድ ደወለችላቸው። ከፊሉ ፈቃድ አላገኘም፤ ከፊሉ ልጁን የሚያስይዘው ሰው የለውም። የመጣ ይምጣ ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት አለቃን በንጹህ ሸሚዝ አስከትላ ስትወጣ የአጎት መኪና በሩ ላይ ሞተሩ ተነሥቶ ቆሟል።

«ግቡ» አለ አጎት ፊቱን እንዳጨፈገገ። «አድርሼ እመለሳለሁ። ቤት እንግዳ የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። ደግፌሽ እንዳይመስልሽ።»

«አልመሰለኝም» አለች፣ ጉንጩን ስማው።

መንገዱን ሙሉ እሷ የምታስበው ጸጉር ቤቷን የከፈተችበትን ቀን ነበር። መስታወቱ ተሰቅሎ፣ ጓደኞቿ ተሰብስበው፣ ሪባን የምትቆርጠው እናቷ የለችም። ስትጠበቅ፣ ስትጠበቅ፣ ሰው ሊበተን ሲል ላብ በላብ ሆና ደረሰች። ኮሚቴው ቢሮ ደጅ ስትጠና ነው የዋለችው። ጸጉር ሠሪዋ የዚያን ዕለት አፏን አልያዘችም፤ «ለአለቃ ሕግ ታወጪለታለሽ፤ ለኔ አንድ ቀን እንኳ የለሽም» አለቻት። እናቷ አልተቆጣችም። አዲሱ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች፣ «ለእሱ ብቻ መሰለሽ?» አለች። «እኔ ስሞት እሱን ስትጠብቂ ቤት ውስጥ ተቆልፈሽ እንዳትቀሪ ነው። ይህን ወንበር ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ነው፣ አንቺ ጅል።» እሷ ያን ጊዜ በስድቡ ተቀይማ ሌላውን አልሰማችውም። አሁን መኪና ውስጥ ሆና ሰማችው። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ወገቧን አቀናች።

አዳራሹ ሰፊና ቀዝቃዛ ነው። ከፊት ረዥም ጠረጴዛ፣ ከኋላው የኮሚቴው አባላት፣ መሃል ላይ ራሰ በራው ሰብሳቢ። ከወላጆቹ ጥቂቶቹ መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል። ጸሐፊዋ ከጥግ ሆና አንገቷን ነቀነቀችላት።

የበጀት ባለሙያው ቀድሞ ተናገረ። ረጋ ያለ፣ ጨዋ ሰው ነው። «‹ይችላል› የሚለው ቃል ድጋፉን አይከለክልም» አለ። «መንግሥት አቅም ሲኖረው ይሰጣል። አቅም ሲያንስ ደግሞ ለሌላው አንገብጋቢ ጉዳይ ቦታ ይተዋል። ተለማጭነት ነው የምንለው።»

አባላቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ለመናገር ሲሰሙት ደህና ነገር ነው።

ከዚያ እሷ ተጠራች። ማይክራፎኑ ጋ ስትደርስ ያሰበችው ሁሉ ጠፋባት።

«እናቴን ከቀበርኳት ገና ነው» አለች። «ይህን አንቀጽ እሷ ናት ስትጠብቀው የኖረችው። ወንድሜ እነሆ። ቀን ቀን ማዕከል ይውላል፤ ይሠራል። ማዕከሉ ከተዘጋ ወይ እሱ የኋላ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይ እኔ ሥራዬን ዘግቼ አብሬው እቀመጣለሁ። ሌላ የለንም።»

ሰብሳቢው ሰውዬ ክፉ አልነበረም። በሐዘንተኛዋ ፊት ተጨንቆ ወደ አለቃ ዞረ።

«ወንድሜ፣ አንተስ የምትለው አለህ?»

አለቃ ተነሣ። ማይክራፎን አላስፈለገውም።

«ሰኞ ማዕከል አለ?»

ሰብሳቢው ፈገግ አለ፤ በደግነት። «ሊኖር ይችላል።»

አለቃ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ፣ በመቀመጫዎቹ መሃል አልፎ፣ የአዳራሹ በር ላይ ሄዶ ቆመ። እጁን አጣምሮ ወደ ውጭ ያያል።

«የት ነው የሚሄደው?» አለ ሰብሳቢው።

«የትም አይሄድም። እየጠበቀ ነው።»

«ምኑን?»

«ሰኞን» አለች። ድምፅዋ ተመለሰላት። «ወንድሜ አዎም አይም ሲባል ይገባዋል። ይሆናል፣ ይችላል ሲሉት ግን በር ላይ ይቆማል። ትናንት አንዲት ሴት ስላሳዘናት እናትህ ትመጣ ይሆናል አለችው፤ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቆመ። እሷም እንደ እርስዎ ደግ ሆና ነው።»



«እሺ፣ ይቀመጥ በያ» አለ ሰብሳቢው፣ ግራ ተጋብቶ።

«አይቀመጥም። እኔ ብለምነውም አይቀመጥም። አዎ ይበሉት ወይም አይ ይበሉት። አይ ቢሉት ያለቅሳል፤ ይዤው እሄዳለሁ። ግን እርስዎ ራስዎ ይንገሩት። እኔ አዎ ብዬዋለሁና ቃሌን አላጥፍም።»

ጥበቃው ወደ አለቃ ሊሄድ ሲል ሰብሳቢው በእጁ ከለከለው። አንድ አርፍዶ የመጣ ሠራተኛ በሩ ላይ ደረሰና «የት ነው? መቼ ትመለሳለህ?» ተብሎ ተጠየቀ። ሰው ሳቀ፤ ከዚያ የሳቀው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከኋላ ካሉት ወላጆች አንዷ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማች።

«ሰብሳቢ» አለች ከጠረጴዛው ዳር አንዲት አባል። «እኔ ለዚህ ሰው ተለማጭነት ብዬ ማስረዳት አልችልም። አንቀጹ ‹ይመድባል› በሚለው ይመለስ።»

የበጀት ባለሙያው ወረቀቱን አገላበጠ። «አቅም ሲያንስስ?» አለ፣ ግን ጮክ ብሎ አይደለም።

«ሲያንስ ከሁሉም ላይ እናሳንሳለን» አለች ሴትየዋ። «እስከ ዛሬ ሲያንስ የምናሳንሰው ከእነሱ ላይ ብቻ ነው።»

እጅ ወጣ። ቀስ ብሎ ሌላ ወጣ፤ ከዚያ አብዛኛው። ሰብሳቢው የራሱንም አነሣ። ገና ለምክር ቤቱ ይቀርባል፣ ገና ክርክር አለ፣ ይህን ጸጉር ሠሪዋም ታውቃለች። ሰብሳቢው ግን ጸሐፊዋን ጠርቶ ሕጉ እስኪጸድቅ ድረስ ማዕከሉ በዘንድሮው በጀት ልክ እንዲቀጥል የሚል ትእዛዝ አስጻፈና ፈረመ። ከወንበሩም ተነሥቶ እስከ በሩ ሄደ።

«ሰኞ ማዕከል አለ» አለው።

«አዎ?»

«አዎ።»

አለቃ እጁን ፈታና «ራበኝ» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ጸሐፊዋ ደረሰችባቸው። ጸጉር ሠሪዋ አላስጨረሰቻትም። «ምክር ቤቱ እስኪያጸድቀው በየጠዋቱ እደውላለሁ» አለቻት። «ብትሰለቺ አልምርሽም።»

ወደ ቤት በአውቶቡስ ተመለሱ። ሦስት ሰው የሚይዝ ወንበር አገኙ። አለቃ እንደ ልማዱ መስኮቱን ያዘ፤ እሷም እንደ ልማዷ ዳር ተቀመጠች። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚሄዱት፤ እናታቸው መሃል ሆና፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሁለቱም ወገን እያወራች። ባዶውን ቦታ ማናቸውም ልብ አላሉትም።

ቀጣዩ ፌርማታ ላይ እቃ የተሸከመች ሴት ገባች። መሃሉን በዐይኗ እያሳየች ጠየቀች።

«ሰው አለው?»

ጸጉር ሠሪዋ ባዶውን ቦታ ገና አሁን አየችው። አለቃ ከመስኮቱ ዐይኑን ሳይነቅል መለሰ።

«የለውም።»

ሴትየዋ ትጠብቃለች። ጸጉር ሠሪዋ ቦርሳዋን አነሣችና ወደ መሃል ተጠጋች፤ ትከሻዋ የወንድሟን ትከሻ እስኪነካ ድረስ።